ሰዓሊ ሞልቷል፣ አሠሪ ነው የጠፋው

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በባህል ገጻችሁ ላይ ስለ አውሮፓ ህዳሴ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። የጸሐፊው ብዕር ጥሩ ነው፣ እስከ መጨረሻው ይዞኝ ሄዷል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አውሮፓ ሺህ ዓመት በጨለማ ተኝታ ነበር፤ ከዚያ እነ ዳቪንቺና እነ ማይክል አንጄሎ ተወለዱና ቀሰቀሷት፤ እኛ ግን እንዲህ ያለ ሊቅ ስላልተወለደልን ይኸው እንዳለን አለን። እኔ ደግሞ ከሐዋሳ ሆኜ፣ በአክብሮት፣ አልስማማም እላለሁ።

የታሪክ ምሁር አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ለብዙ ዓመት ላሜራ ላይ ታፔላ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የፋርማሲ፣ የሥጋ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ ምን ያልጻፍኩት አለ! የባነር ማተሚያው መጥቶ ሁላችንንም ከመሰላል ካወረደን ወዲህ ደግሞ እንደ ጊዜው ሆኜ ባነርና ስቲከር የማትምባት አንዲት ጠባብ ቤት ከፍቻለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ። ይሄን ጉዳይ የምከታተለው የሙያዬ ታሪክ ስለሆነ ነው። ህዳሴ የሚሉት ነገር እኮ ትልቁ ክፍሉ የታዘዘ ሥራ፣ የተከፈለ ቀብድ፣ የዘገየ ርክክብና የተቆጣ ደንበኛ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጨለማው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጥንት ሮማውያን መጻሕፍት ህዳሴው እስከተጀመረባት የጣሊያን ከተማ፣ እስከ ፍሎረንስ ሰዎች ድረስ እንዴት ደረሱ? በብራና። ብራናውን ማን ገለበጠው? በዚያው ጨለማ በተባለው ዘመን የነበሩ መነኮሳት። በተለይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፍራንኮቹ ንጉሥ በሻርለማኝና በልጆቹ ጊዜ፣ ገዳማቱ ቁጭ ብለው ባይገለብጡ ኖሮ ብዙዎቹ የላቲን መጻሕፍት ዛሬ በስም እንኳ አይታወቁም ነበር። የግሪኮቹ ፍልስፍናና ሕክምና ደግሞ ባግዳድ ላይ ወደ አረብኛ ተተርጉሞ፣ ሙስሊሞቹ ሊቃውንት የራሳቸውን ጨምረውበት፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኗ ቶሌዶ ከአረብኛ ወደ ላቲን ዞሮ ነው ወደ ፓሪስ የገባው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስም፣ ቦሎኛም፣ ኦክስፎርድም ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው። መነጽር ራሱ የተሠራው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጣሊያን ውስጥ ነው። ተኝቶ መነጽር የሚሠራ ሰው እኔ አላየሁም።

ፖጆ ብራቾሊኒ የሚባል ሰው ነበር። የጳጳስ ጸሐፊ ነው፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ። በኮንስታንስ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ ላይ ጌታው ከመንበራቸው ሲወርዱ ይሄ ሰው ሥራ ፈታ። ሌላው ቢሆን አዲስ ጌታ ፍለጋ ደጅ ይጠና ነበር። እሱ ግን በአካባቢው ያሉትን ገዳማት እየዞረ አሮጌ መጻሕፍት ማደን ጀመረ። በ1416 በስዊዘርላንዱ የቅዱስ ጋለን ገዳም የኩዊንቲሊያንን ሙሉ መጽሐፍ አገኘ፤ ስለ ንግግር ጥበብና ስለ ልጆች አስተማሪነት የጻፈ ሮማዊ ነው፣ ከዚያ በፊት ጣሊያኖቹ እጅ የነበረው የተቆራረጠ ቅጂ ብቻ ነበር። በዓመቱ ደግሞ የሮማዊውን ባለቅኔ የሉክሬሺየስን መጽሐፍ አገኘ። ሁለቱንም ሸሽገው ያቆዩለት መነኮሳት ናቸው እንግዲህ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው፤ መቼም የታፔላ ሰው ስለሆንኩ ፊደል ላይ ካልቆምኩ አልሆንልህ ይለኛል። ፖጆና ጓደኞቹ የዘመናቸውን ጎቲክ የሚባል ጥቅጥቅ ያለ ፊደል አይወዱትም ነበር። ያገኟቸው አሮጌ ብራናዎች ላይ ያለው ክብ ክብ ያለና ጥርት ያለ ጽሑፍ የጥንቶቹ ሮማውያን የራሳቸው መሰላቸውና እሱን መቅዳት ጀመሩ። ትልልቆቹ ፊደላት እውነትም የሮማ ናቸው፣ ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ የመጡ። ትንንሾቹ ግን የእነዚያው የ9ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ነበሩ! የናቁትን ዘመን ፊደል እንደ ጥንት ቅርስ አክብረው ያዙት ማለት ነው። ማተሚያ ሲመጣ የቬኒስ አታሚዎች የብረት ፊደላቸውን በዚሁ መልክ አስቀረጹ፤ ከዚያ ወዲህ ዘሩ አልተቋረጠም። ዛሬ አንዱ ደንበኛ መጥቶ «እንግሊዝኛውን በታይምስ ኒው ሮማን አድርግልኝ» ሲለኝ፣ የዚያን የማይታወቅ መነኩሴ የፊደል አጣጣል አተምኩለት ማለት ነው፤ ሁለታችንም አናስበውም እንጂ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገሬ።

ፍሎረንስ ውስጥ ጨርቅ ከውጭ እያስመጡ አስውበው የሚሸጡ ነጋዴዎች ማኅበር ነበራቸው፣ ካሊማላ ይባላል። ማኅበር ስል እንደ እድር አስቡት፤ መዋጮ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ያጠፋ ይቀጣል። ከእድር የሚለየው የገንዘቡ ብዛት ነው። ይሄ ማኅበር የከተማዋን ጥምቀት ቤት የመንከባከብ ኃላፊነት ነበረበትና በ1401 ለጥምቀት ቤቱ የነሐስ በር ለማሠራት ውድድር አወጣ። ለመጨረሻው ዙር ሰባት ባለሙያዎች ተመረጡ። ለሁሉም አንድ ርእስ ተሰጠ፦ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል። ይሄን ሥዕል የእኛ ሰው ከልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያውቀዋል፤ ቢላው፣ መልአኩ፣ ዕፀ ሳቤቅ ላይ የታሰረው በግ። ማቴሪያሉን የሰጠው አሠሪው ማኅበር ነው። አንድ ዓመት ጊዜም ሰጣቸው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ሥራ ዛሬም ፍሎረንስ ባርጄሎ ሙዚየም ውስጥ ጎን ለጎን አለ፣ ፎቶውን ማንም ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል። የብሩኔሌስኪ አብርሃም የልጁን አንገት ጨምድዶ ቢላውን አስጠግቷል፤ መልአኩ በርሮ ደርሶ እጁን ጥፍንግ አድርጎ ይዞታል። ሲያዩት ያስደነግጣል። የጊቤርቲው ይስሐቅ ደግሞ ራቁቱን በመሠዊያው ላይ ተንበርክኮ፣ ደረቱን እንደ ጥንቱ የሮማ ሐውልት ነፍቶ ቀና ብሏል፤ መልአኩ ገና ከላይ እየመጣ ነው፣ ማንንም አልነካም። ጊቤርቲ አሸነፈ። የሱ ሥራ ከብሩኔሌስኪው በ7 ኪሎ ገደማ ቀለል ይላል፣ አብዛኛውም ባንድ ጊዜ የፈሰሰ ነው። ዳኞቹ ነጋዴዎች ናቸውና ሒሳቡ ሳይታያቸው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ! ልጁ ያኔ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያን በር ጨርሶ ያስገጠመው በ1424 ነው። በዓመቱ ሁለተኛ በር ታዘዘ፣ እሱን ደግሞ በ1452 አስረከበ። አስቡት፣ ዕድሜ ልክ ሁለት በር! እነ ዶናቴሎና እነ ኡቼሎ ወጣት ሳሉ በዚያ ወርክሾፕ ነው እጃቸውን ያፍታቱት። ማኅበሩ የገዛው በር ቢሆንም ከበሩ ጀርባ አንድ ሙሉ ትውልድ ሠለጠነ።

የተሸነፈው ብሩኔሌስኪስ? ከዓመታት በኋላ የሱፍ ነጋዴዎች ማኅበር የካቴድራሉን ጉልላት የሚዘጋላቸው ሰው አጥተው ሲጨነቁ መጥቶ በ1420 ጀምሮ በ1436 ዘጋላቸው። ስፋቱ 45 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሥር የተለመደው የእንጨት ድጋፍ ሳይቆምለት። ሱፍ ሻጭ፣ ሐር ሻጭ፣ ጨርቅ ሻጭ፤ ህዳሴው ውስጥ በገባችሁ ቁጥር የምታገኙት እነዚህን ነው።

ሌላ ልጨምር። ኦርሳንሚኬሌ የሚባል ሕንፃ አለ፣ ድሮ የእህል ገበያ የነበረ ቤተ ክርስቲያን። ግድግዳው ዙሪያውን ሐውልት ማቆሚያ አለው፣ ማቆሚያዎቹም ለየሙያ ማኅበሩ የተደለደሉ ናቸው። ጋሻና ጥሩር የሚሠሩት ማኅበር ከዶናቴሎ ያዘዙት ማንን መሰላችሁ? ቅዱስ ጊዮርጊስን። 1417 አካባቢ ነው። ግን የኛ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ነው፣ የዶናቴሎው በእግሩ ቆሟል። ጋሻውን ፊቱ ላይ ተክሎ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ፣ ሊመጣ ያለውን የሚጠብቅ ወጣት። ፈረሱንና ዘንዶውን ፈልጋችሁ ካጣችሁ ዝቅ ብላችሁ እዩ፤ ከሐውልቱ ሥር ባለችው ቀጭን የእብነ በረድ ቅርጽ ላይ ሁሉም አለ፣ እኛ ብሩታዊት የምንላት ልጅ ሳትቀር። ጋሻ ሠሪዎች ጋሻ የያዘ ቅዱስ ማሠራታቸው በኔ ቋንቋ ታፔላ ነው። በጣም ጥሩ ታፔላ።

ስለ ውል ደግሞ ላውራችሁ፣ ይሄኛው ጣፋጭ ነው። በ1485 ጊርላንዳዮ የተባለው ሰዓሊ ፍሎረንስ ውስጥ ላለው የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት የሰብአ ሰገልን ሥዕል ሊሠራ ተዋዋለ። ውሉ ዛሬም አለ። ዋጋው 115 ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ ነው)፣ ጊዜው 30 ወር፣ ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ወቄቱ አራት ፍሎሪን የሚያወጣው ዓይነት መሆን አለበት ይላል። ይሄ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚቆፈር ድንጋይ የሚፈጭ ነው፣ የተጭበረበረ ርካሽም ስለሚኖር ነው ውሉ ላይ የገባው። እኔም ስንቱ የሥጋ ቤት ባለቤት «ቀዩ በዓመቱ ቢደበዝዝ ብሬን ትመልሳለህ» ብሎ አስፈርሞኛል። ሰው አልተለወጠም።

እንግዲህ ማይክል አንጄሎ የገባው እዚህ ጊርላንዳዮ ቤት ነው። በ1488፣ በ13 ዓመቱ፣ ለሦስት ዓመት በውል። እና ተማሪው አይከፍልም፣ ይከፈለዋል፤ በሦስቱ ዓመት 24 ፍሎሪን። ቀለም እየፈጨ፣ ልስን እያየ፣ ትልቅ ግድግዳ በስንት ቀን በስንት ሰው እንደሚያልቅ እየቆጠረ። ከ20 ዓመት በኋላ ጳጳሱ «ጣሪያውን ሣልልኝ» ሲሉት «እኔ ቅርጻ ቅርጽ ነው ሥራዬ» ብሎ እያጉረመረመም ቢሆን ሮም ያለው የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የወጣው ልጅ ሆኖ ያየው ነገር ስለነበረ ነው። ዳቪንቺም ቬሮኪዮ ከሚባል ሰዓሊና ቀራጺ ወርክሾፕ ነው የወጣው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ለሚላኑ ገዥ የሥራ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ድልድይ እሠራለሁ፣ መድፍ እሠራለሁ፣ ብሎ ብሎ ሥዕል መቻሉን የጠቀሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሊቅ አልነበሩም አልልም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ግን ሊቅ ሥራ ካላገኘ ሥራ ፈት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ አገራችን ልግባ። ማዛቾ የሚባለው ወጣት 1427 አካባቢ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴን ሣለ። ጠፍጣፋው ግድግዳ ገደል ያለው ይመስላል፣ ከመስቀሉ ጀርባ ባዶ ክፍል ያለ ነው የሚመስለው። ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ በጥንቃቄ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። እንዴት አደረገው? ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ፣ ከሚስማሩ ክር ወጥሮ፣ ክሩን እርጥብ ልስን ላይ ተጭኖ። የክሩ ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ታፔላ የጻፈ ሁሉ እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። እኛም ክር ኖራ ነክረን፣ አንዱ ካንድ ጫፍ ሌላው ከሌላው ጫፍ ይዞ፣ መሐሉን ሳብ አድርገን ጧ! ስናደርገው ነው መስመር የምናወጣው። ከሥዕሉ ሥር አፅም ተኝቷል፣ ከአፅሙ በላይም «እኔም እንደናንተ ነበርኩ፣ እናንተም እንደኔ ትሆናላችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። በግራና በቀኝ ደግሞ ያሣሉት ባልና ሚስት ተንበርክከዋል።

እዚህ ጋ ነው የኛ ነገር የሚመጣው። በኛም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥር ያሣለው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፣ ስሙም ይጻፍለታል። ከባልና ሚስቱ የሚለየው እነሱ መንበርከካቸው ብቻ ነው። ስለዚህ «እኛ ጋ አልነበረም» የሚለው ነገር አይገባኝም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሰዓሊ ነበር፤ የፈረመበት የእመቤታችን ሥዕል ጣና ውስጥ ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ ተገኝቷል። ያኔ ፍሎረንስ ጉልላቷን ከዘጋች ብዙም አልቆየችም። ከቬኒስ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ ሰዓሊ በ1480ዎቹ መጥቶ አርባ ዓመት ገደማ አገራችን ውስጥ ኖሮ ለነገሥታቱና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሠርቷል። ከዚያም በፊት ነገሥታቱ ባለሙያ ላኩልን እያሉ መልእክተኛ ይልኩ ነበር፤ በ1402 ቬኒስ የደረሱት መልእክተኞች ነብሮች ሳይቀር ይዘው ነው የሄዱት። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲጽፍ፣ ቀደም ሲል የላክኋቸው 13 ባለሙያዎች መንገድ ላይ አለቁ ይላል። ያሳዝናል። ግን የኛ ቤተ መንግሥት አሠሪ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

የኛ መነኮሳትም ፍሎረንስ ገብተዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌሙ ገዳማችን አለቃ ከአባ ኒቆዲሞስ ተልከው፣ በአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ላይ ለመምከር እዚያው ፍሎረንስ ለተጠራው ጉባኤ ነው የሄዱት። ያኔ ጉልላቱ ከተዘጋ 5 ዓመቱ ነው፣ ጊቤርቲም ሁለተኛውን በር በመሥራት ላይ ነበር። እነዚያ መነኮሳት ቀና ብለው ጉልላቱን ሳያዩ አላለፉም፤ ከተማው ውስጥ የትም ብትቆም ይታያል። ሮም ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ በር ላይ ደግሞ ፊላሬቴ የተባለው ቀራጺ የጉባኤውን እንግዶች ሲቀርጽ እነሱንም ጨምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ሮም ውስጥ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤት ተሰጣቸው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ። አንድ የኮሎኝ ካህን፣ ዮሐንስ ፖትከን፣ እዚያ ሮም ውስጥ መነኮሳቱ ሲዘምሩ ሰምቶ ተደነቀና ግዕዝ ተማረ፤ የከለዳውያን ቋንቋ መስሎት! በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በኛ ፊደል አሳተመ። በዓለም ላይ የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ እሱ ነው።

የአባ ተስፋ ጽዮንን ካልጠቀስኩ ግን እንደ አታሚ ያሳፍረኛል። ከደብረ ሊባኖስ በግራኝ ጦርነት ጊዜ የተሰደዱ መነኩሴ ናቸው፣ በ1548 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። መጽሐፉ ላይ ስለ ስህተቱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሚያትሙት ማንበብ አይችሉም፣ የምናነበው እኛ ማተም አንችልም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነው ይላሉ። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ «ሀ»ውን ከ«ሐ» እያምታታ የሠርግ ባነር ያበላሸብኝን ልጅ ስገሥጽ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛልና እለሳለሳለሁ።

የጣሊያኑን ነገር ያለ መጠን እንዳላወድስም ልጠንቀቅ። ከዚያ ሁሉ በርና ጉልላት ጀርባ የአራጣ ገንዘብ አለ፣ የባንክ ቤቱ ሰው ነፍሱን ፈርቶ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚያስጌጠው። ቤት ውስጥ ባሪያ የሚያሠሩም ነበሩ። ሴቶች ከጥቂቶች በቀር ወርክሾፕ አልገቡም። ከእነሱ የምንወስደው አሠራሩን ነው፣ ኑሯቸውን አይደለም።

አሁን ሐዋሳ። ከተማችን ገና ስድሳ ዓመት ትንሽ ያለፋት ናት፣ ሕንፃ በየቀኑ ይቆማል። ሐይቁ ዳር ሆቴል በሆቴል ሆኗል። ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። የፓሪስ ግንብ፣ የለንደን ቀይ አውቶቡስ፣ ቅጠል የረገፈበት የፈረንጅ መንገድ፤ ሁሉም ሸራ ላይ የታተመ። ግማሹን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ እንጀራዬ ነው፣ አልክድም። ግን መስኮቱን ሲከፍቱት ሐይቁ ከነጀልባው፣ ከነአባ ኮዳው፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ሳለ የለንደን አውቶቡስ ምን ይሠራል?

አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሥዕል የተማረ፣ እጁ የሚያስቀና። አንድ ሆቴል ጠራው፣ ስሙን አልጠራም። የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ትልቅ ነው። ባለቤቱ ምን አሉት? ናሙና ሠርተህ አምጣ፣ በራስህ ቀለም። አመጣ። ወደዱት። ከዚያስ? «ሥራልን፣ ስምህ ይታወቅልሃል፣ ስንት የውጭ አገር ሰው ነው የሚያይልህ!» ክፍያ የለም። ልጁ አመስግኖ ወጣ፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ ኋላ ላይ የሣላት ፔሊካን አለች፣ ከተማ ውስጥ የሚዞር ብቸኛው ሥራው እሷ ናት። የ1401ዱ ጨርቅ ነጋዴዎች ለሰባቱም ማቴሪያል ሰጥተው ነው ናሙና ያሠሩት፣ ለተሸነፉትም ጭምር። እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው።

ለጸሐፊው የማቀርበው አንድ ሌላ ማስረጃ ደግሞ አለኝ። እዚሁ አገር ውስጥ ሥዕል መቼም ሥራ ያላጣበት ቦታ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን። አዲስ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ምእመኑ አዋጥቶ ያሥላል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ አልጠፋም። መሰላል የሚይዝለት ልጅ አለው፤ ልጁ መጀመሪያ ዳራውን ይቀባል፣ ከዚያ ልብሱን፣ ቆይቶ እጅና እግር፣ ፊት የሚፈቀድለት መጨረሻ ላይ ነው። እነ ጊርላንዳዮ ቤት የነበረው ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። ሊቅ ሳይጠበቅ፣ ገዥ ስላለ ብቻ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። በታፔላ ደግሞ ገዥው ወደ ባነር ሄደና እኔም ለማጅ ማሠልጠን ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን ሐዋሳ ውስጥ በብሩሽ ቀጥ ያለ «ጨ» መጻፍ የሚችል ወጣት ፈልጉ ብትሉኝ እቸገራለሁ።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ ጥያቄ አለኝ። ስለ ህዳሴ ስትጽፉ ሞናሊዛን ለጥፋችሁ «ታላቁ ሊቅ» ብላችሁ አትለፉን። ማን አዘዘው፣ በስንት፣ ማን ቀለም ፈጨ፣ እሱን ጻፉልን፤ የእኛ ሀብታሞች ጋዜጣ ያነባሉና። ባንኮቹ ፎቅ ሲያስመርቁ፣ ከተማው አደባባይ ሲያድስ፣ ከበጀቱ ላይ ምን ያህሉ ለሠዓሊና ለቀራጺ እንደተያዘ ጠይቁልን። ጉዱማሌ ላይ ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ ሲከበር የሚታየውን የሰው ባሕር አንድ ትልቅ ግድግዳ ላይ የሚሥል ልጅ ቢቀጠር ከብዙ ባነር ይበልጣል፤ ባነሩን እኔ ማተሜ ቀርቶብኝም ቢሆን።

እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ከሱቄ ጎን መንገድ የሚያይ ረጅም ልሙጥ ግድግዳ አለ። ፋርማሲው፣ ጫማ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱና እኔ አዋጥተን ልናሥለው ተስማምተናል፣ የግድግዳው ባለቤትም ፈቅደዋል። ርእሱ ላይ ግን ገና ጭቅጭቅ ነው። ጁስ ቤቷ ሐይቁ ይሁን ትላለች፣ ጫማ ቤቱ ጊዮርጊስ ካልሆነ ብሩን አላወጣም ብሏል፣ ጋሽ ፋርማሲ ምንም ይሣል፣ ስማቸው ከሁላችንም ከፍ ብሎ ይጻፍ እንጂ። እስክንስማማ ድረስ ናሙና እየተቀበልን ነው። ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁ ወጣት ሰዓሊዎች መጥታችሁ ግድግዳውን እዩት፤ ቀለሙን እኛ ነን የምንገዛው፣ ያልተመረጠም ናሙና ይከፈልበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ታፔላ ጸሐፊ፣ ሐዋሳ